የቅቤ ነጋዴዋ ምጥ

አንዲት የቅቤ ነጋዴ ምጥ ሳይዛት ምጥ ያዘኝ ብላ ወንዝ ተሻገረች። ስሟ ትርንጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ስለሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ትርንጎ የምትኖርበት ከተማ ከወንዙ ወዲህ፣ ገበያውና ሐኪም ቤቱ ከወንዙ ወዲያ ነበሩ። ድልድይ የለም። ሰውም እህልም የሚሻገረው በጀልባ ነው። ጀልባዎቹ የመሻገሪያው ሹም ንብረት ናቸው፤ ቀዛፊዎቹም የሱ ደሞዝተኞች። ሹሙ በዚያ ዓመት የመሻገሪያውን ዋጋ ደጋግሞ ጨመረ፤ ለቀዛፊዎቹ ግን ምንም አልጨመረላቸውም። ገንዘቡን ከተሳፋሪው እጅ የሚቀበሉት ቀዛፊዎቹ ስለነበሩ ሕዝቡ የሚያማው እነሱን ነበር። ሹሙን በመሻገሪያው አካባቢ ያየው ሰው አልነበረም።

ፋሲካ ሲቃረብ ቀዛፊዎቹ ተሰብስበው ሄዱና ደሞዛችን ይጨመርልን አሉት። ሹሙም "ከበዓል በኋላ" አላቸው። አምናም ያላቸው ይህንኑ ነበር። በማግስቱ መቅዘፊያቸውን ዳርቻው አሸዋ ላይ ተክለው ከሥሩ ተቀመጡ። አለቃቸው ባዬ የሚባል ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር። ተነሥቶ ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አለ፦

"ወገኖቼ፣ የታመመ ካለ እናሻግራለን። ምጥ የያዛት ካለች እናሻግራለን። አስከሬንም እናሻግራለን፤ ዋጋም አንቀበልም። ገበያተኛ ግን ይታገሠን።"

ገበያተኛው አልታገሠም።

"እኔም ደሞዝ አነሰኝ ብዬ ልቀመጥ እንዴ?" አለ አንዱ።

"አንተማ ድሮስ መቼ ቆመህ ታውቃለህ" አለው ጓደኛው።

አንድ የበርበሬ ነጋዴ ደግሞ "እነሱ በዓል እንዲውሉ እኛ በዓል አንዋል?" እያለ ከወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል። አንዲት አሮጊት "ልጆቹ እኮ ቸግሯቸው ነው" ቢሉ፣ "እማማ፣ የቸገረው ይቀዝፋል እንጂ ይቀመጣል?" ብለው አፋቸውን አስያዟቸው።

ትርንጎ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። የምታስበው ግን ስለ ቅቤዋ ነበር። ጾሙን ሙሉ ከየገጠሩ ስትለቅም የከረመችው ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ቤቷ ተቀምጧል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የልጆቿ የዓመት ቀለብ የሚወጣው ከዚህ ከፋሲካ ገበያ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ጠንክሯል። ጠዋት ኮባውን ስትነካው እርጥበት እጇ ላይ ቀርቷል።

ገበያ በዋለበት ቀን ቅቤውን በነጠላ ቋጥራ ሆዷ ላይ ጠመጠመች፤ የተረፈውን ጀርባዋ ላይ አሰረች። ከላይ ጋቢ ለበሰች። የወንድሞቿ ልጆች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ወንዙ አወረዷት። "ማርያም፣ ማርያም" እያለች ታቃስታለች።

ቀዛፊዎቹ ምንም አልጠየቁም። መቅዘፊያቸውን ነቅለው ጀልባው ውስጥ ገቡ። ወንዙ መሐል ሲደርሱ ፀሐዩ ሥራውን ሠራ፤ ከቃሬዛው ሥር ጠብ ጠብ የሚል ነገር ታየ።

"የሽርት ውኃዋ ፈሰሰ፤ በርቱ" አለ ባዬ።

ቀዛፊዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ቀዘፉ። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት እጁ እስኪላጥ ቀዘፈ። ዳር ሲደርሱ ትርንጎ ተነሣች፤ ጋቢዋን አስተካክላ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ገበያው ሄደች። ባዬ ጎንበስ ብሎ የረጠበውን እንጨት በጣቱ ነካና አሸተተው።

ትርንጎ ቅቤዋን በጥሩ ዋጋ ሸጠች። ታሪኩንም በነጻ አወራችው። ከተማው ሁሉ ሳቀ። በየደረሰችበት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሏታል። "ምን ተገላገልሽ?" ሲሏት "ለጋ ቅቤ፤ ይመስገን፣ ደህና ነው" ትላለች። ቀዛፊዎቹን ማንም ያላሸነፋቸውን ያህል ያሸነፈቻቸው መሰላት። ሰውም እንደዚያ ነገራት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳርቻው በበሽተኛ ተሞላ። ትናንት ሲሮጥ የዋለ ሁሉ ዛሬ አንካሳ ሆነ። የበርበሬ ነጋዴው በከረጢቶቹ ላይ ተጋድሞ፣ በነጭ አቡጀዲ ተገንዞ፣ አልቃሽ ቀጥሮ መጣ። ወንዙ መሐል ሲደርሱ አስከሬኑ አስነጠሰው።

"ይማርህ" አለው ባዬ፤ ጀልባውንም አዙሮ መለሰው።

ከዚያ በኋላ ቀዛፊዎቹ መከሩ። ሳናይ አናሻግርም አሉ። በሽተኛውንም አስከሬኑንም ገልጠው ያያሉ። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ግን ወንድ ገልጦ ማየት ነውር ነው፤ ስለዚህ አዋላጇ እትዬ አሰለፈች አይተው ካልመሰከሩ ጀልባ አይነሣም። እትዬ አሰለፈች የሚኖሩት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የሚራመዱትም በከዘራ።

"አሁን ደግሞ የሰው ሆድ ሊፈትሹ" አለ ሕዝቡ። ፍተሻው ለምን እንደመጣ ማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ያውቃል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸማኔው ሚስቱን ውባለምን በቃሬዛ አስይዞ እየሮጠ መጣ። ትርንጎም እዚያው ነበረች፤ የቀራትን ቅቤ በቅርጫት ይዛ አድማው የሚፈታ እንደሆነ ልታይ ወርዳ ነው።

"ባዬ ወንድሜ፣ በሞቴ፣ ከሌሊት ጀምሮ ነው" አለ ሸማኔው።

"ያለፉትም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። እትዬ አሰለፈች ይጠሩ" አለ ባዬ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እምነትም ግን አልነበረም።

ሸማኔው ዙሪያውን ሲያይ ትርንጎን አየ። "እትዬ ትርንጎ፣ አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ። እይና ንገሪያቸው።"

ትርንጎ ተንበርክካ ጋቢውን ገለጠች። የውባለም ከንፈር ነጥቷል። ሴትዮዋ የትርንጎን እጅ ይዛ አለቅም አለች። ትርንጎ በሌላው እጇ ጋቢውን መልሳ ወደ ባዬ ዞረች።

"እውነት ነው። ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው። ቶሎ በሉ" አለች።

ቀዛፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያ እጁ የተላጠው ወጣት "ያንቺስ ቅቤ በእግሩ ነበር በራሱ የመጣው?" አላት።

ከዳርቻው ሰዎች አንዳንዶቹ ሳቁ።

"በልጆቼ አምላክ" አለች ትርንጎ። "ማርያምን እውነቴን ነው።"

"ያን ዕለትም ማርያምን ስትጠሪ ሰምቼሻለሁ" አለ ባዬ።

አንድ ልጅ እትዬ አሰለፈችን ሊጠራ ወደ ዳገቱ ሮጠ፤ ሌሎቹ ቆመው ጠበቁ። ሸማኔው መቅዘፊያ ነቅሎ ጀልባውን ብቻውን ሊገፋ ታገለ፤ አልተንቀሳቀሰለትም። እትዬ አሰለፈች ከዘራቸውን እየተደገፉ ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። ጋቢውን ገልጠው ወዲያው መለሱት። "ምን ትጠብቃላችሁ?" ብቻ ነው ያሉት። ቀዛፊዎቹ ዘለው ገቡ፤ እንደዚያን ቀን አድርገው ቀዝፈውም አያውቁ። ውባለም ተረፈች። ልጁ ግን አላለቀሰም።

ወሬው ከጀልባው ቀድሞ ከተማ ገባ። ቀዛፊዎቹ ሲመለሱ ሕዝቡ ድንጋይ ይዞ ጠበቃቸው። "ለደሞዝ ብለው ሕፃን ገደሉ" ይላል አንዱ፤ ሌላው ይቀበላል። የበርበሬ ነጋዴው ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ሹሙም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ዳርቻ ታየ፤ ሰው ግራና ቀኝ ለቆለት መሐል ገባ።

"ስለ ምን ዘገያችሁ?" ሲል ጠየቀ።

"ሰው ዋሽቶን ነበር" አለ ባዬ።

"ማን ነው የዋሻችሁ?"

ባዬ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዶ ትርንጎ ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ነኝ የጀመርኩት ብትል ባዬ ይተርፋል። ድንጋዩ ግን ወደሷ ይዞራል፤ ልጆቿም ዳር ቆመው እያዩዋት ነው። ሌላ ሰው እጁን ካነሣ አነሣለሁ ብላ አሰበች። በርበሬ ነጋዴው ካነሣ፣ ከአንካሶቹ አንዱ እንኳ ካነሣ። ሁሉም እንደሷ ሌላውን ይጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ማንም አላነሣም። እሷም አንገቷን ደፍታ ቅርጫቷን አየች።

"ብዙ ነበሩ" አለ ባዬ በመጨረሻ።

"ብዙ ማለት ማንም ማለት ነው" አለ ሹሙ። ባዬን ከሥራ አባረረው። ሌሎቹን በድሮው ደሞዝ ወደ መቅዘፊያቸው መለሳቸው። ሕዝቡም አጨበጨበ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ በገበያተኛ ተሞልተው ሲመላለሱ ዋሉ።

ትርንጎ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ቀን ትነግድና ማታ ሲሆን ከአልጋዋ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሣለች። በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ቆርጣ ተነሣችና ወደ ሸማኔው ቤት ሄደች። ሁሉንም ልትናገር ነበር። ቃሉን መንገድ ላይ ስታሰላስለው ነው የሄደችው።

ውባለም አጎዛ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታያት ልትነሣ ሞከረችና አቃታት።

"ኧረ አትነሺ" አለች ትርንጎ። "አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

"ቆይ እኔ ልቅደም" አለች ውባለም፤ እጇንም ያዘች። "እትዬ ትርንጎ፣ በዚያ ቀን በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እውነቷን ነው ብለሽ የመሰከርሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እነዚያን ጨካኞች ለምነሽልኛል። እግዜር ይስጥሽ።"

ትርንጎ አፏን ከፈተች። ከዚያ "ምንም አይደል" አለች። ይዛው የመጣችውን ቅቤ አስቀምጣ ወጣች። እስከ ዛሬም አልነገረቻትም።

አንባቢ ሆይ፣ አገልግሎት የሚሰጡን ሰዎች ደሞዝ አነሰን ብለው ሲያቆሙ መጀመሪያ የሚታየን የተስተጓጎለው ገበያችን ነው። ተቸግረውም እያሉ ለታመመና ለባሰበት ያስቀሩልንን መንገድ ልብ አንለውም፤ ልብ ስንለው ደግሞ የብልጠት መግቢያ እናደርገዋለን። አንድ ሰው በውሸት የተሻገረበት መንገድ በእውነት ለሚመጣው ይጠባል። በውሸቱ የሳቀም ሰው መንገዱን አብሮ አጥብቧል። በኋላም ጉዳት ሲደርስ ድንጋይ ለማንሣት የምንፈጥነው እኛው ነን፤ ድንጋዩ እጃችን ላይ ሳለ የኛን ጥፋት የሚጠይቀን የለምና።

እናንተ በዚያ ዳርቻ ቆማችሁ ቢሆን ኖሮ እጃችሁን ታነሡ ነበር?

ትርንጎ አላነሣችም። እባካችሁ ይቅር በሏት።