በግራ እጅ የተመታችው ሩር

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ትርንጎ የምትባል። ዕድሜዋ ቢበዛ አስራ ስድስት ነው። እኩዮቿ ስለ ቀሚስና ስለ ሹሩባ ሲያወሩ የእሷ ወሬ የገና ጨዋታ ብቻ ነበር። ማን እንዴት ሮጠ፣ ማን ከማን እግር ስር ነጠቀ፣ የማን ዱላ ጫፉ አምሮ ተቆለመመ፣ ሌላ ነገር ከአፏ አይወጣም። እናቷ «ይቺን ልጅ ማን ያገባልኛል?» እያለች ለጎረቤት ታማርራለች። ጎረቤት ደግሞ ምን ቸገረው፣ ሰምቶ ለቀጣዩ ጎረቤት ያደርሳል።

መንደራቸውን አንድ ደረቅ ወንዝ «ላይ ሰፈር» እና «ታች ሰፈር» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። በየዓመቱ በገና ዕለት ሁለቱ ሰፈሮች መስክ ወርደው ይገጥማሉ። ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ሩር አለች፤ እሷን በዱላ እየመታ ከሌላው ድንበር ያሳለፈ አሸነፈ ይባላል። የታች ሰፈርን ድንበር የሚጠብቀው የትርንጎ አባት አያ ቢተው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሟል። ጉልበቱን ያመዋል፣ ግን ለማንም አይናገርም፤ ሲቀመጥና ሲነሳ ያየ ሰው ብቻ ያውቅበታል።

የላይ ሰፈር ኩራት ደግሞ ጓንጉል የሚባል ጎልማሳ ነው። እንግዲህ ትርንጎ በሆዷ የያዘችው ምስጢር ይኸው ነበር፤ የታች ሰፈር ልጅ ሆና፣ የአያ ቢተው ልጅ ሆና፣ እንደ ጓንጉል የምታደንቀው ተጫዋች አልነበረም። ክፉ እንዳታስቡ! ሰውየው ሚስት አለው፤ እሷም እንዲያ አላሰበችም። የወደደችው አጨዋወቱን ነው። ውሃ ስትቀዳም እንጨት ስትለቅምም «አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው እንዲህ ብዬ አመሰግነዋለሁ» እያለች ቃል ትደረድራለች፤ ታሳምራለች፤ እንደገና ታፈርሳለች።

የዚያ ዓመት ገና ደረሰ። ሴቶቹ ጉብታው ላይ ቆመው ያያሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ገና ማንም ሳያሸንፍ፣ ጓንጉል ሩሯን እየነዳ ወደ ታች ሰፈር ድንበር መጣ። አያ ቢተው ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ጠበቀው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሩሯ ላይ ተክሏል። ትርንጎ ግን የጓንጉልን እጅ ነበር የምታየው። ድንገት ዱላው ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ሲዛወር አየች። ሩሯ ገና አልተመታችም።

«እልልልልል!» አለች ትርንጎ። አፏን ልትይዝ ብትል እጇ ዘገየባት።

ከዚያ ወዲያ ሩሯ አያ ቢተው ባልጠበቃት በኩል ሾልካ ድንበሩን አለፈች። ላይ ሰፈር አበደ። ታች ሰፈር ግን ጓንጉልን አላየም፤ ፊቱን ወደ ጉብታው አዙሮ ትርንጎን ነበር የሚያየው።

መቼም ያሸነፈ መስደቡ፣ የተሸነፈ መሰደቡ የጨዋታው ወግ ነው፤ ቂም የሚይዝበት የለም። በማግስቱ ግን የላይ ሰፈር ጎረምሶች በአያ ቢተው ደጅ እየጨፈሩ ያለፉባት ግጥም ሌላ ነበረች፦

«አያ ቢተው ቆሞ ድንበር ሲጠብቅ፣
ልጁ እልል አለች ለኛ ሳትሳቀቅ።»

አያ ቢተው ሃያ ዓመት ሲሰደብ ስቆ ያልፍ ነበር። ይቺኛዋን ግን አልሳቀባትም። ገና የሚጫወትበትን ዱላ ከተሰቀለበት አውርዶ እንጨት ክምሩ ላይ ወረወረው። «ነገ እሳት አንድጂበት፤ ለእኔ በቃኝ» አላት ሚስቱን። ጠዋት ዱላው ከክምሩ ላይ አልነበረም፤ ነደደ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን አንድ ቃል አላናገራትም። ትርንጎ አጠገቡ ቆማ እያለች ለሚስቱ «ልጅሽን በሬዎቹን ታስገባ በያት» ይላል። እናትየዋ ደግሞ ዘወር ብላ «በሬዎቹን አስገቢ» ትላለች። ሦስት ሰው ባለበት ቤት ቃል እንዲህ ዞሮ ሲሄድ አስቡት!

በአጥር የሚዋሰኗቸው እትዬ ማንጠግቦሽ በቀን አሥር ጊዜ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

«ምነው ትርንጎዬ፣ ዛሬስ አናገረሽ?»

«ያናግረኛል፣ እትዬ። ደክሞት ነው።»

«ስምንት ቀን ሙሉ ደከመው?»

ትርንጎ እንስራዋን አዝላ ወደ ውሃ ሄደች። ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንባ ታለቅስ እንደነበር እትዬ ማንጠግቦሽ ከዓይኗ እብጠት አውቀዋል።

በዚያው በስምንተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ትርንጎ በረት እየጠረገች ነበር። እበቱ እስከ ክርኗ ደርሷል። «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል በሩ ላይ የቆመው ጓንጉል ነው። ራሱ ጓንጉል! ዱላውን በግራ እጁ ይዟል።

ያ ሁሉ ስትደረድረው የከረመችው ቃል የት እንደገባ እንጃ። እበት የነካ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀችና አፏን ከፍታ ቀረች።

«አያ ቢተው አሉ?» አላት።

በአገጯ ወደ ቤቱ ጠቆመችው። አድናቂ ማለት እንግዲህ ይህች ናት።

አያ ቢተው መደብ ላይ ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር እየጠገነ ነበር። እንግዳውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ደግሞ ቤቴ ድረስ መጣህ? ያ ግጥም አልበቃችሁም?»

«ስድቡስ እዚያው መስክ ላይ አለቀ፣ አያ ቢተው» አለ ጓንጉል፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመ። «እኔ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ ነው።»

«ጠይቅ። መልሱን እንጃ።»

«በቀኝ እጁ መትቶ እርስዎን ያለፈ ሰው አለ?»

አያ ቢተው ቁጣው ላይ ነበር። ቢሆንም ሰው አይደል፣ እንዲህ ሲጠየቅ ጀርባው ቀና አለ። «የለም። አልተወለደም።»

«እኔም አላለፍኩም። አራት ዓመት ሞክሬ አራቱንም ዓመት የእርስዎ ዱላ ላይ ቀረሁ። ስለዚህ ግራ እጄን ማስተማር ጀመርኩ። በግራ ፈለጥኩ፣ በግራ ቆፈርኩ። በግራ ስጎርስ ያየችኝ እናቴማ ልጄን ሰይጣን ያዘው ብላ ጸበል ልትወስደኝ ስትል ነው የተረፍኩት።»

ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ተሰማ። እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ቢይዙም አመለጣቸው።

ጓንጉል ቀጠለ። «ከእርስዎ ያነሰ ሰው ድንበሩን ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም በአንድ እጄ ብቻ የምጫወት ሰው ነበርኩ። ለዚህ ላመሰግንዎ መጣሁ።»

አያ ቢተው ጠፍሩን አስቀመጠ። «ሁለተኛውስ?»

«የገዛ ሰፈሬ ሰው ዕድል ቀናው ነው የሚለኝ። እጄን መለወጤን ያየ የለም። ያን ለታ ግን ሩሯን ገና ሳልመታት፣ ዱላውን እንዳዛወርኩ፣ አንዲት እልልታ ሰማሁ። የሰው ሁሉ እልልታ የመጣው ሩሯ ድንበር ካለፈች በኋላ ነው፤ ያቺ አንዷ ብቻ ቀደመች። ማናት ብል የአያ ቢተው ልጅ ናት አሉኝ። ያን ሁሉ ድካሜን ያየልኝ እሷ ብቻ ናት። ሁለተኛው ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ እንዲህ ማየት ማን አስተማራት?»

 ከበሩ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አባዬ ነው።»

ትርንጎ ናት። እጇን መደበቁን ረስታዋለች። «ትንሽ እያለሁ ባቄላ መሬት ላይ ይዘረጋና ይሄ እኔ ነኝ፣ ይሄ የላይ ሰፈር ሰው ነው ይለኛል። ሩሯን አትይ፣ ሩሯ ትዋሻለች፣ እጁን እይ ይለኝ ነበር። እኔ ሌላ ነገር አላደረግኩም። ያልከኝን ነው ያየሁት፣ አባዬ።»

ለጓንጉል ያሰበችው ምስጋና ሁሉ እንዲህ ሆኖ ወጣ፤ የሄደው ግን ወደ አባቷ ነበር።

አያ ቢተው የጣራውን ጭራሮ የሚቆጥር ይመስል ሽቅብ አየ። ከዚያ በስምንት ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ለልጁ ተናገረ።

«ትርንጎ፣ እጅሽን ታጠቢና ከጎታው ኋላ የደበቅሽውን ዱላዬን አምጪልኝ።»

ልጅቷ ደነገጠች። «ታውቅ ነበር?»

«የደበቅሽው ለታ ነው ያወቅሁት። ሂጂ አሁን። ይሄ ሰው በግራ የሚመታ ከሆነ እኔም በዚያ በኩል መቆም ልማር።»

እናላችሁ፣ ከዚያ ረፋድ ጀምሮ በአያ ቢተው ግቢ ውስጥ ሁለት ባላጋራዎች ዱላ ለዱላ ሲጋጩ ዋሉ። አንዱ «በግራ ና እስቲ» ይላል፣ ሌላው «ጉልበትዎን አይርሱ» ይላል። ትርንጎ መሃላቸው ሆና «አባዬ፣ እጁን እይ! እጁን!» እያለች ትጮሃለች። እናትየዋ ለእንግዳው ጠላ ቀዳች። እትዬ ማንጠግቦሽም በአጥር ማየቱ አልበቃቸውም፤ እሳት ልጫር ብለው በበሩ ገቡ። ምድጃቸው ላይ እሳት እየነደደ እንደነበር ግን የማያውቅ አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ይህን ያነበባችሁ ይህን ያዙ። ጓንጉል እንዲህ የበረታው አያ ቢተው አላሳልፍ ስላለው ነው፤ መንገዳችሁ ላይ ጸንቶ ቆሞ ያደከማችሁ ሰው ሁሉ ጠላት አይደለም፣ ሁለተኛ እጅ ያበቀለላችሁም አለ። ትርንጎ ደግሞ ሩቅ ያለውን ጀግና ለማመስገን ዓመታት ቃል ስታሳምር ኖረች፤ ጀግናውን የምታይበትን ዓይን የሰጣት ሰው ግን በየቀኑ አብሯት ከአንድ ገበታ ይበላ ነበር። እናንተስ? የምታደንቁትን ነገር እንድታዩት ያስተማራችሁ ማነው? ምስጋናችሁን ሰምቷል ወይስ ዛሬም እቤት ተቀምጦ ጠፍር እየጠገነ ነው?