የሁለተኛው ዓይነት ድጋፍ

አንድ ደብዳቤ አዘጋጅ ነበረ። ሥራው በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ለመግባት ከተመረጡት ልጆች መካከል ክፍያው ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ሲኖሩ፣ ዩኒቨርሲቲው በምን ያህል እንደሚያግዛቸው የሚገልጸውን ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነበር። ታማኝ ሰው ነው። ጉቦ አይበላም፣ ባለጉዳይ አያጉላላም፣ ከሒሳቡ ላይ አንዲት ሳንቲም አይስትም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ሌባ ስትፈልግ እንዳትደክም ብዬ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም።

አንተ «ያልዋሸ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። መልሱን በኪስህ ይዘህ እንደመጣህ ፊትህ ያስታውቃል። ቢሆንም ቁጭ በልና ስማኝ።

ያ ደብዳቤ ሲዘጋጅ በብዙ እጅ ያልፋል። አንዱ የቤተሰቡን ኑሮ ያጠናል፤ መሬቱን፣ ከብቱን፣ የልጁን ብዛት። ሌላው ዩኒቨርሲቲው በነጻ የሚሰጠውን ይወስናል። ሌላው ደግሞ ለጎደለው ብድር ይመድባል። ሁሉም የየራሱን ቁጥር ይጽፍና ፋይሉን ለደብዳቤ አዘጋጁ ያቀብላል። እሱም በቢሮው ልማድ መሠረት ነጻውንም ብድሩንም «ዩኒቨርሲቲው ያደረገልዎ ድጋፍ» በሚል አንድ ርእስ ሥር ያሰፍራቸዋል። ነጻው «የአንደኛው ዓይነት ድጋፍ» ይባላል፤ ብድሩ «የሁለተኛው ዓይነት ድጋፍ»። ሁለቱ ይደመሩና ከዓመቱ ክፍያ ላይ ይቀነሳሉ። ከላይ በደማቁ «እንኳን ደስ ያለዎት!» ይላል፤ ከታች ደግሞ «ቀሪ ክፍያ፦ የለም»። የሁለተኛው ዓይነት ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው መመሪያውን ማየት ይችላል። መመሪያው የት ነው? ቢሮው ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ።

ብድሩን ለምን በስሙ እንደማይጠሩት ጠይቆ አያውቅም። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው እንዲህ ሲጽፍ ነው ያገኘው። አለቃው «ወላጅ እንዳይደነግጥ ነው» ይላል፤ የቢሮው ሰዎችም «ደስ የሚል ደብዳቤ» ይሉታል። ደስ ማለቱንስ ደስ ይላል።

አንድ ዓመት ከሩቅ ገጠር የአንድ ገበሬ ልጅ ተመረጠች። አንጓች ትባላለች። አባቷ እጅ ያጠረው ሰው ነው፤ ጎረቤት ግን አላጠረውም። ማለፏ የተሰማ ጊዜ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው «የአንዱ ልጅ የሁላችን ልጅ ናት» አሉና መዋጮ አዋጡላት። በግ የሸጠ አለ፣ ለክፉ ቀን ብላ ከአገልግል ሥር የደበቀችውን ያወጣች አሮጊት አለች። የተሰበሰበው በአባትየው እጅ ገባ። ዩኒቨርሲቲው በነጻ ከሚሰጠው ጋር ሲደመር የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ይሸፍን ነበር። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንጓች አነበበችለት። «ቀሪ ክፍያ፦ የለም» የሚለው ላይ ስትደርስ «እስኪ ድገሚው» አላት። ደገመችው። በማግሥቱ ገበሬው ገንዘቡን በመሐረብ ቋጠረና ቤት ለቤት እየዞረ ለየባለቤቱ መለሰ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዩኒቨርሲቲው ሁሉን ችሎልናል። ካላስፈለገ የሰው ገንዘብ ታቅፎ አይታደርም» እያለ። ሞኝ ነው ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሞኝ ጎረቤት ቢሰጠኝ በምትኩ ሁለት ብልጥ ልሰጥ ዝግጁ ነኝ። ገንዘቡ የተመለሰለት ሁሉ ሥራ ላይ አዋለው። ማዳበሪያ የገዛ አለ፣ ጣራውን ቆርቆሮ ያለበሰ አለ፣ ልጁን የዳረበት አለ።

ምዝገባው ዓርብ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው አባትና ልጅ ዩኒቨርሲቲው ደረሱ። መዝጋቢዋ ስማቸውን አገኘችና «የሁለተኛውን ዓይነት ውል ይፈርሙ፤ ወርሃዊ ደመወዝ ያለው ዋስም ያቅርቡ» አለች።

«የምን ዋስ?» አለ ገበሬው።

«የብድሩ ነዋ።»

«የምን ብድር?»

መዝጋቢዋ ወረፋው ረዝሞባት ስለነበር ወደ ደብዳቤ አዘጋጁ ቢሮ ላከቻቸው።

ገበሬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ለሰውየው ይቀለው ነበር፤ የተቆጣ ባለጉዳይ የለመደው ነው። ይህኛው ግን ግራ ገብቶት፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይን ዓይኑን ነበር የሚያየው።

«ጌታው፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር አስረዳኝ። ተሰጥቶናል ወይስ አልተሰጠንም?»

«ተሰጥቷችኋል አባባ።»

«ከተሰጠን ለምን እንመልሳለን?»

«የምትመልሱት የሁለተኛውን ዓይነት ብቻ ነው።»

«እሱስ አልተሰጠንም?»

«ተሰጥቷችኋል፤ ግን የሚመለስ ነው።»

«የሚመለስ ከሆነ ታዲያ ‹ቀሪ የለም› የሚለው ምንድን ነው?»

«አሁን የምትከፍሉት የለም ለማለት ነው።»

«አሁን የምከፍለው ከሌለ፣ ዛሬ ዋስ አምጣ የተባልኩት ለምንድን ነው?»

ሰውየው ደብዳቤውን ከገበሬው እጅ ተቀበለ። ለብዙ ወላጅ ደብዳቤ ጽፏል፤ ከወላጅ ጋር ተቀምጦ ደብዳቤውን አብሮ አንብቦ ግን አያውቅም ነበር። «ይጠብቁኝ» አለና ወጣ። ኑሮ ወደሚያጠናው ሄደ፤ ጥናቱ ትክክል ነው። ነጻውን ወደሚወስነው ሄደ፤ ውሳኔው ትክክል ነው። ብድሩን የመደበው ቁጥሩን አሳየው፤ ትክክል ነው። አለቃው መመሪያውን ገልጦ በጣቱ አመለከተው፤ እዚያም ሁሉም በትክክል ተጽፏል። የተሳሳተ ሰው ቢኖር ተጣልቶት ይገላገል ነበር። ሁሉም ልክ ሆኖ አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ልቡ ተሰብሮ ሲቀመጥ ከማን ጋር ይጣላል? የገዛ ራሱን ደብዳቤ ይዞ በኮሪደሩ መሀል ቆመ፤ ወዴት እንደሚሄድም ጠፋው።

ሲመለስ ገበሬው እንደተቀመጠ ነው።

«እኔ ደመወዝተኛ ዘመድ የለኝም» አለው። «የነበረኝ የሰፈሬ ሰው ነው። ‹ተሰጠን› ብዬ ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። አሁን ዞሬ ‹አልተሰጠንም› ብል ማን ያምነኛል? በልጁ አሳቦ ሊበላን ነው ይሉኛል። ትምህርቱስ ይቅር፤ ስሜስ?»

«አባዬ፣ ትምህርቱ ይቅር አትበል» አለች አንጓች ከበሩ አጠገብ።

ገበሬው ልጁን ዞር ብሎ አያት። ከዚያ «እንግዲያውስ አንተ ና» አለው ሰውየውን። «የጻፍከው አንተ ነህ፤ አንተው ንገርልኝ።»

ሰውየው እሺ አለ። ልብ በል፤ እሺ ያለው ይቅርታ ሊጠይቅ አይደለም። ደብዳቤው ልክ መሆኑን ለሰዉ ሊያስረዳ ነው።

እሑድ የእድሩ ሰዎች በቆርቆሮው አዳራሻቸው ተሰበሰቡ። የእድሩ ዳኛ፣ አንድ ዓይናቸው ያልጠራ ሽማግሌ፣ «እንግዳው ይናገር» አሉ። ሰውየው ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከሁሉ በፊት ደብዳቤውን ማንበብ ይሻላል ብሎ ማንበብ ጀመረ። «እንኳን ደስ ያለዎት!» ከማለቱ ሴቶቹ እልል አሉ። የአንደኛውን ዓይነት ድጋፍ ሲያነብ እልል፤ የሁለተኛውን ሲያነብ እልል። «ቀሪ ክፍያ፦ የለም» ሲል ያቺ ገንዘቧን ከአገልግል ሥር ያወጣች አሮጊት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ተስተካከለ ማለት ነው! ተመስገን! ምነው ታዲያ ጨነቀን?»

«አይደለም እናቴ፣ አልተስተካከለም» አለ ሰውየው።

«‹የለም› አልክ እኮ!»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አለ ወይስ የለም?»

ቀስ ብሎ ድጋሚ አነበበው። ድጋሚ እልል አሉ። ያን ጊዜ ደብዳቤው ምን እንደሚል ሰውየው በጆሮው ሰማ። በእጁ ሲጽፈው የኖረው ሌላ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች የሚሰሙት ሌላ ነው። ፊቱ ቀላ። ገበሬውን ማየት አቃተው።

ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። «ዩኒቨርሲቲው ግማሹን ሰጥቷታል» አለ። «ግማሹን አበድሯታል። ብድሩን ተምራ ስትጨርስ ትመልሳለች። እስከዚያ ደመወዝ ያለው ሰው ዋስ ይሁናት ይባላል። እስከ ዓርብ ዋስ ካላገኘች ትቀራለች።»

ሁሉም ገብቶታል፤ አሮጊቷ ሳትቀር።

«ይኸው ነው?» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ታዲያ ይህንኑ ለምን አልጻፍከውም?»

«ተጽፏል፤ መመሪያው ላይ አለ።»

«መመሪያው የት ነው?»

«ቢሮ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን አልሳቀም፤ ያ ቆርቆሮ የገዛው፣ ራሱን ይዞ «እኔኮ ይህን ባውቅ ኖሮ ጣራዬ አንድ ክረምት ቢያፈስ ምን ነበር?» አለ። ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ነበር። በዚያች ሰዓት ሰውየው ሊያስረዳ የመጣው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ።

«ዋሽተሃል?» አሉት ዳኛው።

«አልዋሸሁም።»

«ሰርቀሃል?»

«አልሰረቅሁም።»

«እንግዲያ ለምኑ ነው ይቅር የምንልህ?»

ሰውየው ቢያስብ ቢያስብ ስም አጣለት። «እኔ እንጃ» አለ በመጨረሻ። «ስጽፈው ልክ መሆኑን አይቻለሁ። እናንተ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላየሁም። ሳላይ ፈርሜ ላክሁት።»

ሽማግሌው እንዲህ አሉት፦ «መልካም። ይቅር ብለንሃል። ግን ይቅርታ ብለህ ብቻ ብትሄድ ልጅቷ ዓርብ ቀረች። ይህ ይቅርታህም እንደ ደብዳቤህ ሊሆን ነው፤ ለጆሮ ደስ ይላል፣ ቤት ስንገባ ምንም የለበትም።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወርሃዊ ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማንም ስሙን አልጠራም፤ ማንም ወደ እሱ አላየም። እንግዳን በዓይን ማስጨነቅ ለዚያ ሕዝብ ነውር ነው። ሰውየው ግን ገባው።

«እኔ ዋስ እሆናታለሁ» አለ።

ያን ጊዜ እልል ያለ የለም። ነገሩ ከባድ መሆኑን አውቀውታል። አባትየው ብቻ ተነሥቶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ሰውየው ደንግጦ ትከሻውን ያዘው።

ወደ ቢሮው ተመለሰና ውሉን ጠየቀ። ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ስለዚህ ውል ያን ያህል ዘመን ሲጽፍ ኖሮ፣ ውሉን ራሱን አንድ ቀን አንብቦት አያውቅም ነበር።

«መክፈል ቢያቅታትስ?» አላት መዝጋቢዋን።

«ከደመወዝህ ይቆረጣል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

ሚስቱን አሰበ፤ ምን ብሎ እንደሚነግራት አሰበ፤ የቤት ኪራዩን አሰበ። እስክሪብቶውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። መዝጋቢዋ «ምነው፣ ያልገባህ ነገር አለ?» ስትለው ፈረመ።

አንጓች ገባች። ደብዳቤው ተቀየረ ወይ ካልከኝ፣ ሰውየው «ብድሩን ብድር እንበለው» ብሎ አለቃውን እንደጠየቀ ሰምቻለሁ። አለቃውም «እንዲያማ ከሆነ ድጋፋችን ያነሰ ይመስላል» ብሎታል አሉ። ሲከራከሩ ነው ወሬው የደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ሰውየው ራሱም ምን እንደበደለ እስከ ዛሬ የጠራለት አይመስለኝም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ያቺ ሴት ቤትህን ልትከራይ መጥታ «ውሃ አለው ወይ?» ስትልህ «ቧንቧው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው» አልካት። እውነትህን ነው፤ ቧንቧው አለ፤ እኔም አይቼዋለሁ። ውሃው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ ግን አልነገርካትም። እሷ ቃልህን አምና የነበረችበትን ቤት ለቀቀች፤ መመለሻ የላትም። ይኸው ዛሬ ሕፃን አዝላ ጄሪካን ይዛ በሰው ደጅ ትቆማለች፤ አንተ እዚህ ተቀምጠህ «አልዋሸሁም» ትለኛለህ። ማን ዋሸህ አለህ? ደብዳቤ አዘጋጁ አንተ ነህ። ቧንቧህ ያ ደብዳቤ ነው። አንተን አምና በእጇ የነበረውን የለቀቀችው እሷ ደግሞ ገበሬው ናት። ሴትዮዋ የጠየቀችህ ስለ ብረት አይደለም፤ ልጇን በምን እንደምታጥብ ነው የጠየቀችህ፤ አንተም ይህን ታውቅ ነበር።

ስለዚህ አዎ፤ ያልዋሸ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ተነሥና ሂድ። ባዶ እጅህን ግን እንዳትሄድ። መንገድህ ላይ በርሜል የሚሸጥ አለ፤ ትልቁን ግዛ፤ አስሞልተህ ውሰድላት።