ቡሌ የተንከባለለበት ሣር

በጎሽ ሜዳ ሰዎች ዘንድ አንድ ነገር አምሮ ሲታይ፣ አዲስ ሹም ይሁን አዲስ ሙሽራ፣ የሚያደንቀው ሁሉ አድንቆ ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ የአህያ ነገር ያነሣል። እንግዳ ሰው ይደነግጣል። ሙሽራን ከአህያ ምን አገናኛት? የአገሩ ሰው ግን አይደነግጥም፤ ነገሩ ከአያ ጓንጉል አህያ ከቡሌ እንደ መጣ ያውቃል።

ጎሽ ሜዳ የሁሉም ከብት የሚግጥበት የወል መሬት ነበር። ከሥሩ ድንጋይ ከሰል አለ ተባለና ኩባንያ መጣ። ሲመጣ ውል ገባ፤ ከሰሉን አውጥቶ ሲጨርስ ጉድጓዱን ሊሞላ፣ ገፎ ዳር የከመረውን ለም አፈር መልሶ ሊያለብስ፣ መሬቱ ማገገሙንም የአገር ሽማግሌ ሲመሰክርለት ብቻ ማሽኑን ጭኖ ሊሄድ። ከሰሉ አለቀ፤ ጉድጓዱም ተሞላ። አፈሩ ግን እንደ ተከመረ ቀረ። እሱን መመለስ ወራት ይፈጃል፤ የሥራው አለቃ አቶ ሰይፉ ደግሞ ቸኩሏል። ከብቱ በየገደሉ ጫፍ ሲቃርም፣ አንዳንዱም ሲንከባለል ከረመ።

አቶ ሰይፉ አንድ ማለዳ አያ ጓንጉል ደጅ ተገኘ። በሽምግልና ወንበር ላይ ከእሳቸው የሚቀድም አልነበረም።

«አያ ጓንጉል፣ እርስዎ አገግሟል ካሉ ማን አፍ አለው? ያቺ የዘበኛ ቤት አለች አይደል፣ ቆርቆሮዋ የሚያበራው? ስንሄድ ለእርስዎ ትቀራለች።»

አያ ጓንጉል የቆርቆሮ ነገር አይሆንላቸውም። የጎረቤታቸው ቤት ቆርቆሮ ከለበሰ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ድምፁ የሚዘንበው እሳቸው ልብ ላይ ነበር።

«ሣሩስ?» አሉ ለወጉ ያህል።

«ሣሩን ለእኔ ይተዉት።»

መሬቱን አይታ ምስክርነቱን የምትቀበለው ባለሙያ ከወረዳ የምትመጣበት ቀን ሲነጋ፣ ትናንት ጠቁሮ ያመሸው ሜዳ ለምልሞ ታየ። አያ ጓንጉል ደጃፋቸው ላይ ቆመው አማተቡ።

«የሥላሴ ሥራ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ከወንዝ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ሰሟቸው። «ሥላሴ ይቅር ይበልህ። ለመሆኑ ማን ሞቶበት ነው የወንዙ ዳር የተላጨው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሣሩ ከነቆዳው ተገፏል። አንዲት ሰበዝ አልቀረችለትም።»

«አንቺ ደግሞ! ውሃሽን አውርጂ።»

ገብቷቸዋል እኮ። ግን ሣር ሣር ነው፣ የትም ይብቀል የት ያበቀለው እግዜር ነው ብለው ኅሊናቸውን አባበሉት። ወይዘሮ ይታይሽም አልተከራከሩም። ጠላውን በጀሪካን ሞልተው ቡሌን ጫኑትና፣ «በል ይዘኸው ውረድ፤ እንግዳ በደረቅ ጉሮሮ አይሸኝም» አሉ። ራሳቸውም ከኋላ ተከተሉ።

ባለሙያዋ ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋር ከሜዳው ዳር ቆማ አደነቀች። «ያምራል!» ብላ ልትገባ ስትል አቶ ሰይፉ ከፊቷ ቀደመ።

«ለጋ ነው፣ ባይረገጥ ይሻላል።»

«እግሬን ያልቻለ ግጦሽ በሬ እንዴት ሊችል ነው?»

አቶ ሰይፉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ደረቀ። «ኧረ ይችላል! አያ ጓንጉል፣ አህያውን ያምጡት! ጠላውን እዚሁ መሃል ሣሩ ላይ እናውርድና ምስክርነቱን እየጠጣን እንስማ!»

ጭነት የወረደለት አህያ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ገበሬ የለም። አያ ጓንጉል የቡሌን መጫኛ እየፈቱ ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ። «ቡሌ፣ በጊዮርጊስ!» አሉ በሹክሹክታ።

ቡሌ አልሰማም። ሣሩን አሸተተ፤ ከሥሩ ያለውን የከሰል ብናኝ አፍንጫው አገኘው። ዞር ዞር አለ፣ የፊት እግሩን አጠፈ፣ ተኛ። ወደ አንድ ጎን ሲንከባለል ሣሩ እንደ ሰሌን ተጠቀለለ። ወደ ሌላው ሲገለበጥ ከሥሩ ጥቁሩ መሬት ራቁቱን ወጣ። አራቱን እግሩን ሰማይ ሰማይ እያሳየ ከረመበትና፣ ግራጫ የነበረው አህያ ከሰል መስሎ፣ አንድ ቁራጭ ሣር እንደ ጋቢ ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ። ከዚያ ተራገፈ። የአቶ ሰይፉ ነጭ ሸሚዝ አለቀለት።

«ይሄ ባለጌ አህያ! አበላሸው እኮ!»

«አይዞዎት አቶ ሰይፉ፣» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ፣ «ያለበሱትን ብርድ ልብስ ነው የገለጠብዎ።» ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ።

ባለሙያዋ ግንባሯን ጠርጋ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ ምስክሩ እርስዎ ነዎት። መሬቱ አገግሟል?»

አያ ጓንጉል ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ከወዲያ የዘበኛው ቤት ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ከወዲህ የተከመረው አፈር አለ፤ ማንም ሳይተክልለት፣ ማንም ሳያጠጣው፣ ሣር አብቅሎ። ቡሌ የአቶ ሰይፉን ልምላሜ በአፉ ሳይነካ ረግጦ አለፈና ወደ ክምሩ ወጣ። ነከሰ፣ ጎተተ፤ ሣሩ ከአንገቱ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ፣ ሥሩ ግን ከአፈሩ ንቅንቅ አላለም። ከሩቅ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ የራሳቸው ላም እምቧ ስትል ሰሙ።

አያ ጓንጉል ምራቃቸውን ዋጡ፤ ቆርቆሮውንም አብረው ዋጡት።

«አፈሩ ይመለስ፣ ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱም ለዘበኛው ይቆየው፤ ገና ብዙ ይጠብቃል። እኔማ ዛሬ ጠዋት አይቼ አማትቤ ነበር፤ ግን ምን ይሆናል፣ መብቀሉን ዓይን ያያል፣ ሥር መስደዱን አህያ ይለያል።»