የጨንገር በር ሰዎች በሱፍ የሚፈስኩበት ምክንያት

በፋሲካ ማለዳ ወደ ጨንገር በር ብቅ ያለ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠራጠረው የገዛ አፍንጫውን ነው ይባላል። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር በወጥ ሽታ ሲታወድ፣ በጉ ሲጣል፣ ቅርጫው ሲከፋፈል፣ እዚህ የሚቀርበው ያው ሁዳዴን ሙሉ የተበላው የሱፍ ፍትፍት ነው። ማዶዎቹም «እናንተ ሰዎች፣ ጌታ መነሣቱን የነገራችሁ የለም እንዴ?» እያሉ ይሳለቁባቸዋል። የጨንገር በር ሰዎች ስቀው ያልፉታል፤ ልማዱ ከየት መጣ ብሎ ከልቡ ለሚጠይቃቸው ግን የአንጓችን ነገር ያነሡለታል።

እንደሚነገረው፣ አንጓች ከባሏ ከስመኝ ጋር በዚያ መንደር ትኖር ነበር። በስለት ያገኘቻትን አንዲት ሴት ልጇን ኅዳር ላይ ኩፍኝ ነጠቃት። ከዚያ ወዲህ የልጅቱን ቀሚስ ከጉያዋ አትለየውም፤ እህል ስትፈጭም፣ ውኃ ስትቀዳም፣ ሰው ያላያት ሲመስላት አውጥታ ታሸተዋለች። ሽታው ግን ቀን በቀን እየሳሳ ሄደ፤ አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነበር።

በየካቲት ደግሞ የላማቸው የወለላ ጥጃ ሞተ። ስመኝ አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው ቆዳውን ገፎ ጭድ ሞላበትና ላሟ ፊት አቆመው፤ ላም ልጇን ያየች ሲመስላት ወተቷን ትለቃለችና። አንጓችም ብትሆን ስንቷን ላም እንዲህ አታላ ያለበች ባለሙያ ነበረች። ለፋሲካ የሚሆን ቅቤ ማጠራቀም ስላለባት የወተት ቅሏን ይዛ ቁጢጥ አለች። ወለላ የጭዱን ጥጃ ካንገቱ እስከ ጭራው ላሰችው፤ ከዚያም አፍንጫዋን ቆዳው ውስጥ ቀብራ ታሸተው፣ ታሸተው ጀመር። የአንጓች እጅ ጡቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ወይኔ! እኔም እኮ የማደርገው ይኸንኑ ነው» ብላ ተነሣች፤ ቆዳውንም ወስዳ ከጓሮ ቀበረችው ይባላል።

ላሟ ወተቷን ከለከለች። ስመኝ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ አንጓች ወይ ፍንክች! በመጨረሻ «የነጠፈች ላም ምን ትሠራልኛለች? ለቅርጫ ትታረድ» ብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማማ፤ በቅዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላም ሰዎቹ ገመድና ቢላ ይዘው ደጁ ላይ ተሰበሰቡ።

አንጓች በላሟና በሰዎቹ መካከል ገባች፤ ከጉያዋ ቀሚሱን አውጥታም ለባሏ ዘረጋችለት።

«ስመኝ፣ ይኸን ጭድ ሞልቼ ደጅ ባቆምልህ ሮጠህ አታቅፈውም?»

ወደ ላሟም እያመለከተች ቀጠለች።

«በልጇ አታለን አለብናት። አሁን ደግሞ ነጠፈች ብለን ልናርዳት ነው? የኔም ጡት እኮ ነጥፏል!»

ከቅርጫተኞቹ አንዱ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ሥጋ ርኩስ ነው ልትይን ነው?» ቢላት፣

«ርኩስስ አይደለም፤ ይጥማል እንጂ። ግን እናት ናት» አለችው።

ስመኝ ቀሚሱን ተቀብሎ ፊቱን ሸፈነበት፤ ልጁን ከቀበረ ወዲህ ሲያለቅስ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው ይላሉ። ከዚያ የላሟን ገመድ ፈታ። ሌላ ከብት ለመፈለግ ጊዜ አልነበረምና በማግስቱ ቅርጫተኞቹ እያጉረመረሙ አንጓች ቤት በሱፍ ፍትፍት ፈሰኩ። ባልና ሚስቱ ሥጋም ወተትም ዳግመኛ አልቀመሱም፤ ጎረቤቱም ውሎ አድሮ አንድ ሁለት እያለ ተከተላቸው። ሁሉም ተከተለ ለማለት አይደለም፤ ተደብቆ ማዶ ተሻግሮ የሚበላ ዛሬም አይጠፋም አሉ።

በቅርቡ ከማዶ ተድራ የመጣች አንዲት ሙሽራ፣ በመጀመሪያው ፋሲካዋ ሱፉ አልወርድ ቢላት፣ የባሏን አያት እማማ ዘርትሁንን «እውነት ግን ሥጋው አይናፍቅዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አሮጊቷ ደጅ የቆመችውን ላም በእጃቸው አመለከቱ።

«ምነው አይናፍቀኝ! ሽታው በንፋስ ሲመጣ አፌ ምራቅ ይሞላል። እኔን የሚናፍቀኝ ግን ወጥ ነው ልጄ፤ እሷን የሚናፍቃት ልጇ ነው።»