ርግቧ ለልጇ የከፈለችው

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ልስጣችሁ። አንዲት ርግብ ልጇን ገደሉ አናት ላይ ባለው ስመ ጥር የንስር ትምህርት ቤት ልታስገባ ፈለገች። ንስሩ ክፍያው የክንፍ ላባ መሆኑን ሲነግራት የራሷን ከሥሩ ነቅላ ሰጠችው።

ጎረቤቷ ዶሮ፣ «አንቺ፣ አብደሻል? በምን ልትበሪ ነው?» አለቻት።

ርግቧም፣ «እሷ ትብረርልኝ» አለች።

ልጅቷ ተምራ ስትመለስ የሰፈሩ ምንጭ ደርቆ ነበር። ከደመና በላይ ወጥታ ቃኘችና፣ «እማዬ፣ ከተራራው ማዶ ሐይቅ አለ!» አለች።

እናትየው ደስ ብሏት፣ «በይ ቶሎ ብረሪ፤ እኔን አትጠብቂ» አለቻት።

ልጅቷ ግን ወርዳ ክንፏን ሰበሰበችና ከእናቷ ጎን በእግሯ መንገድ ጀመረች። መንገዱ ረጅም ነበር፤ ርግቧ ግን ልጇን ስለ ሰማዩ እያስወራች ድካሙን ረሳችው።

ተረቴ እዚህ አረፈ፤ እናንተም በሰላም እረፉ።