የምታስለው መኪናና የጀሪካኑ ክዳን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጅብና ስለ አህያ አይደለም፤ ስለምታስል መኪና ነው። መኪና ደግሞ ያስላል ወይ አትበሉኝ። ያስላል! ሰምታችሁ ፍረዱ።

ከአንድ ረጅም ዳገት ሥር ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። አሮጌ ናፍጣ መኪና አላት፤ ራሷ እየነዳች ገበያተኛ ታመላልስባታለች። እናቷ እማማ ደብሪቱ ደግሞ ከዳገቱ አናት ላይ ይኖራሉ። የእማማ ደብሪቱን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ የልጅ ልጃቸውን ፊት በእጃቸው ዳስሰው እንጂ አይተዋት አያውቁም። ታዲያ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተከሉ። ነገ ሊሄዱ ነው ተባለ። ትርንጎ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ዳገቱን ወጥታ እናቷን ይዛ መውረድ።

«በሰው መኪና አስመጪያቸዋ!» አሏት። ወይ ፍንክች! እማማ ደብሪቱ አንድ ጊዜ በማያውቁት መኪና ተሳፍረው፣ በማያውቁት ገበያ መሀል አውርደዋቸው ሲደናበሩ ውለዋል። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን መኪና ድምፅ ካልሰሙ ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም።

መኪናዋ ግን ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ኡሁ፣ ኡሁ፣ ኡሁ ብላ ቀጥ! ትርንጎ ሽቅብ ብትላት አሻፈረኝ አለች፤ ቁልቁል ይዛት ተመለሰች።

ግቢዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቋት። አንደኛው መካኒኩ ጋሽ ፈለቀ ናቸው። «ሞተሩን አውርደን እንፍታው፤ ይታደሳል» አሉ። ሁለተኛው ጎረቤቷ አቶ ጓንጉል ናቸው፤ የመኪና ዕቃ ይነግዳሉ። «ምኑ ይታደሳል! ይሄ አልቆለታል። ላሚቱን ሽጪና ሌላ ሞተር ግጠሚ» አሉ። ይፈታ፣ ይቀየር፣ ይፈታ፣ ይቀየር፤ ሁለቱ አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸው።

«ሲፈታ ለነገ ይደርሳል?» አለች ትርንጎ።

«ኧረ ሳምንትም አይበቃው» አሉ ጋሽ ፈለቀ።

«ሲቀየርስ?»

«ዕቃው መጀመሪያ ይምጣ እንጂ!» አሉ አቶ ጓንጉል።

ትርንጎ ግን ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። «ቆይ እስቲ፣ በሽተኛውን ራሱን ማን ጠየቀው?» አለችና ኮፈኑን ከፍታ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች።

«አንተ ሞተር፣ ምነው ዳገቱን እንቢ አልክ?»

«ወድጄ መሰለሽ እሜቴ? ናፍጣ ሳላገኝ በምን ጉልበቴ ልውጣ? ኖዝሏ አልረጭልህም ብላኛለች!»

አቶ ጓንጉል «ይቺ ሴት አበደች» ብለው አማተቡ። እሷ ግን ናፍጣ ወደምትረጨው ወደ ኖዝሏ ዞረች። «አንቺ ኖዝል፣ ምነው ለሞተሩ አልረጭም አልሽ? አንቺ ካልረጨሽ ሞተሩ ዳገት አይወጣም፤ ሞተሩ ካልወጣ እናቴ አትመጣም!»

«ምን ልርጭ? ፓምፑ ካልገፋልኝ!» አለች ኖዝሏ።

ወደ ፓምፑ ዞረች። «አንተ ፓምፕ፣ ምነው አልገፋም አልክ? አንተ ካልገፋህ ኖዝሏ አትረጭም፤ ኖዝሏ ካልረጨች ሞተሩ ዳገት አይወጣም፤ ሞተሩ ካልወጣ እናቴ አትመጣም!»

«ባዶ ልግፋ? ናፍጣ የሚያጣራው ፊልትሮ አላሳልፍም ብሎኝ!» አለ ፓምፑ።

ይሄኔ ጋሽ ፈለቀም ነገሩ ይከነክናቸው ጀመር። ፊልትሮውን ፈትተው ቢያዩት፣ ቢጫ ብናኝ ድፍን አድርጎታል! «ምንድን ነው ይሄ? ሰጋቱራ ነው?» አሉ። አቶ ጓንጉል ጥቂት ቆንጥረው አሸተቱ። «ኧረ አይደለም። ገለባ ይሆን?» ለካ እሳቸውም ጓጉተዋል።

«አንተ ፊልትሮ፣ ምን ውጠህ ነው?» አለች ትርንጎ። «አንተ ካላሳለፍክ ፓምፑ አይገፋም፤ ፓምፑ ካልገፋ ኖዝሏ አትረጭም፤ ኖዝሏ ካልረጨች ሞተሩ ዳገት አይወጣም፤ ሞተሩ ካልወጣ እናቴ አትመጣም!»

«ታንኩ የላከልኝን ነዋ! እሱን ጠይቂው» አለ ፊልትሮው፤ አፉም ሙሉ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ታንኩንም ጠየቀችው። ታንኩ «ጀሪካኑ የቀዳብኝን ነው የላክሁት» አለ። ጀሪካኑን ከጓሮ ጎትታ አመጣችው። ጀሪካኑ አፉ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎበታል።

«እኔን አትቆጪኝ!» አለ ጀሪካኑ። «ይሄ ቆረቆንዳ ቀን ከሌት ሆዴ ውስጥ ይፈረፈርብኛል!»

ጋሽ ፈለቀ በጣታቸው ቆረቆንዳውን ነካ ቢያደርጉት፣ ያ ቢጫ ብናኝ እፍኛቸው ላይ ቡንን! «ወይ ጉድ! ተገኘ!» ብለው ጮኹ።

«አንተ ቆረቆንዳ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለች ትርንጎ። «አንተ ከተፈረፈርክ ጀሪካኑ ንጹሕ አይቀዳም፤ ጀሪካኑ ካልቀዳ ታንኩ አይልክም፤ ታንኩ ካልላከ ፊልትሮው አያሳልፍም፤ ፊልትሮው ካላሳለፈ ፓምፑ አይገፋም፤ ፓምፑ ካልገፋ ኖዝሏ አትረጭም፤ ኖዝሏ ካልረጨች ሞተሩ ዳገት አይወጣም፤ ሞተሩ ካልወጣ እናቴ አትመጣም!»

«እኔስ መች ወደድኩት? ይሄ የክዳን ቦታ ነው። ክዳኑ ሲመለስ እወጣለሁ» አለ ቆረቆንዳው።

ክዳኑ የት ይገኝ? ሦስቱም ግቢውን አሰሱት። አቶ ጓንጉል እንኳ ተንበርክከው ቆጡ ሥር ገቡ። ክዳኑ እዚያ ተገልብጦ፣ ውሃ ሞልቶት፣ ጫጩቶች ከበውት ተገኘ። ትርንጎ እጇን ስትዘረጋ እናት ዶሮዋ ክንፏን ነፍታ መጣች።

«ንክች እንዳታደርጊው! ጫጩቶቼ በውሃ ጥም ሲያልቁ ክዳኑን ከጀሪካኑ አውልቆ ውሃ የሰጠን ማን ነው? አንቺው ራስሽ! አሁን በምን ይጠጡልሽ?»

ትርንጎ ክው አለች። ትዝ አላት። ክዳኑን ለጫጩቶቹ ሰጥታ፣ ጀሪካኑን ለዛሬ ብቻ ብላ በቆረቆንዳ ወትፋው፣ በዚያው ረስታዋለች። «በገዛ እጄ! ሞተሩን በገዛ እጄ ቆረቆንዳ ሳበላው ከርሜ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

ሮጣ ከተሰበረ ገንቦ ደህና ገል አምጥታ ውሃ ሞላችበት። ጫጩቶቹ ወደ ገሉ ግር አሉ። ዶሮዋ ክዳኑን ለቀቀች፤ ክዳኑ ሲመጣ ቆረቆንዳው ወጣ፤ ቆረቆንዳው ሲወጣ ጀሪካኑ ታጥቦ ንጹሕ ቀዳ፤ ጀሪካኑ ሲቀዳ፣ የታጠበው ታንክ ላከ፤ ታንኩ ሲልክ አቶ ጓንጉል ከሚነግዱት ዕቃ ያመጡት አዲስ ፊልትሮ አሳለፈ፤ ፊልትሮው ሲያሳልፍ ፓምፑ ገፋ፤ ፓምፑ ሲገፋ ኖዝሏ ረጨች፤ ኖዝሏ ስትረጭ ሞተሩ ድርርር አለ፤ ዳገቱንም ሳያስል፣ ሳይተነፍስ ላጥ!

ትርንጎ እናቷ ደጃፍ ላይ አቆመች። በሩ ዝግ ነው።

«እማዬ፣ ነይ እንሂድ!»

«ማነሽ አንቺ?» አሉ እማማ ደብሪቱ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ!»

«ሂጂ ወዲያ! ድምፅ አስመሳይ ስንቱ አለ! የልጄ መኪና ታስላለች፤ ይቺ አታስልም። አልወጣም!»

ምን ይሻላል? መሽቶ ነግቶ ሐኪሞቹ ሊሄዱ ነው። ትርንጎ ኮፈኑን ከፍታ ወደ ውስጥ አንሾካሾከች። «አንተ ሞተር፣ በናትህ አንዴ ሳልልኝ! አንተ ካልሳልክ እናቴ አትወጣም!»

«ሲያስለኝ ቀይሩት ትላላችሁ፣ ሲሻለኝ ሳል ትላላችሁ፤ ምን ይሻላችኋል?» አለ ሞተሩ። ግን ደግ ነው፤ ጉሮሮውን ጠረገና «ኡሁ!» አለላት።

የበሩ መቀርቀሪያ ተሳበ። «ምነው ቀድመሽ አትይም ታዲያ!» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

ሐኪሞቹ በዚያው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሞራውን ገፈፉላቸው፤ በማግስቱ ከዓይናቸው ላይ ፋሻው ተነሳ። የልጅ ልጃቸውን ፊት እንደ ልማዳቸው በእጃቸው ሲዳስሱ ቆዩና፣ እጃቸውን አውርደው አዩዋት። አለቀሱም። ከድንኳኑ ሲወጡ ደግሞ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት። «ይቺ ናት እንዴ? እኔ እኮ ቀይ ትመስለኝ ነበር» አሉ።

እኔም ደረስኩ፤ ወራጅ አለ!