ነፋስ የማይደርስበት ጓዳ

በአንድ ትልቅ ኩይሳ ውስጥ የሚኖሩ ምስጦች ሕጋቸው ሁለት ነበር፤ የንፋስ መንገድ አይደፈንም፣ ዘመኑ ያለቀ ምስጥም ቦታውን ለልጅ ለቆ ይሞታል። ንግሥቲቱ ይህን ሕግ በየጉባኤው ታስነግር ነበር። ማስከበሩ ግን የዘበኞቹ አለቃ የአባ መንጋጋ ሥራ ነው።

በታችኛው ጓዳ የሚኖሩ ጥቂት ምስጦች አንሞትም አሉ። ተባዙ፤ ሲባዙ ጓዳው ጠበባቸው፤ ግድግዳውን ሲገፉ የንፋሱ መንገድ ተደፈነ። በታፈነ አየር መኖርን ለመዱት። የሌላውን ቀለብ ወደ ራሳቸው የሚስብ ጉድጓድም ቆፈሩ።

አባ መንጋጋ ዘበኞቹን ይዞ ወረደ። ገና ከደጃፉ ትንፋሽ አጠረውና ከነዘበኞቹ ተቀመጠ። ከውስጥ አንዱ ብቅ ብሎ፣ «ምን አደከመህ ወንድሜ? እኛ እኮ ያው ያንተው ዘር ነን» አለው።

አለቃው ተመለሰና ለጉባኤው፣ «ወርጄ አየሁ፤ ሰላም ነው» ብሎ ተናገረ። ጉባኤው እሰይ አለ።

በዚያው ክረምት የምሥራቁ ክፍል ሕፃናት በረሃብ አለቁ።

ሬሳ አውጪዋ እመት ጭቂት በጉባኤው መካከል ቆመች።

«ጌቶቼ፣ እኔ አፍንጫ እንጂ ማዕረግ የለኝም። አየር ባጣ ቦታ የኖረ ሁሉ ገላው ኮምጣጣ ሽታ ይይዛል። የታችኞቹ መልካቸው እኛን ይመስላል፤ ሽታቸው ግን ሌላ ነው። ይህን ሽታ ከልጅነታቸው መለየት የለመዱ፣ ትንፋሽ ሲያጥር የሚነቁ ዘበኞች እናሳድግ።» ወደ አለቃው ዞረች። «ያን ቀን ሲመለሱ እርስዎም ኮምጠጥ ብለው ሸተውኝ ነበር። ምን አዩ?»

አባ መንጋጋ አንገቱን ደፋ።

«ምንም አላየሁም። ከደጃፉ አላለፍኩም። ፈራሁ፤ መፍራቴን ለመናገር ደግሞ አፈርኩ።»

ንግሥቲቱም አለቃውን ሳትወቅስ፣ አዲሶቹ ዘበኞች እንዲያድጉ አዘዘች። «ሰላም ነው» የሚለው ቃል ደስ ብሏት ሌላ ሳትጠይቅ ቀርታ ነበርና።

አዲሶቹ ዘበኞች አደጉ። ንጹሕ አየር ባለበት ያንቀላፉ ነበር፤ አባ መንጋጋ መርቷቸው ታችኛው ጓዳ ሲደርሱ ግን ነቁ። የኮመጠጠውን እየለዩ ነከሱ። ከዘበኞቹም ብዙዎቹ አልተመለሱም። በመጨረሻ መንገዱ ተከፍቶ ነፋስ ገባ።

ጉባኤው ተሰብስቦ፣ «ዘበኞቹን የመራ አለቃ ሽልማት ይገባዋል» አለ። አባ መንጋጋ ስሙ ሲጠራ አልተገኘም። ወደ ምሥራቁ ክፍል ሄዶ ነበር። የሞቱት እጅግ ብዙ ስለነበሩ፣ እመት ጭቂት ገና ሬሳ ታወጣ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አላት።

ቀና ብላ አላየችውም።

«በእግሩ በኩል ያዝ» አለችው።

ያዘ። ሕፃኑ ምንም አይከብድም ነበር።